ጣና የሰባት ዓመት ልጅ ነው እንዴ?

ክርክሩን ሰምታችሁት ይሆናል። ካልሰማችሁም ትሰማላችሁ፤ ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አያመልጠውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዞች ከተራራው ላይ ጨው እያጠቡ ወደ ባሕር ያወርዳሉ። ባሕሩ ደግሞ ውኃውን በእንፋሎት ወደ ሰማይ ይመልሳል እንጂ ጨዉን አይመልስም። ስለዚህ ጨው ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። እንግዲህ ዛሬ ባሕር ውስጥ ያለውን ጨው በየዓመቱ ለሚገባው ብታካፍሉት የባሕሩን ዕድሜ ታገኛላችሁ፤ ከዚያም የምድርን። መልሱ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከሚለው 4.5 ቢሊዮን ዓመት እጅግ ያንሳል። «ስለዚህ ሳይንስ ዋሽቷል!» ይላል ተከራካሪው፣ ሲኒውን ገፋ አድርጎ።

ሌላው ወገንስ? ሌላው ወገን አብዛኛውን ጊዜ ይስቃል። «አሁንም 7500 ዓመት ላይ ናችሁ?» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ለምን እንደሳቀ እስቲ ጠይቁት! «ሳይንስ 4.5 ቢሊዮን ብሏላ» ይላችኋል። ሳይንስ ለምን እንዲህ አለ? ጸጥ።

እኛን ይህቺን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ጸጥታ ነው። አንዱ የተሳሳተ ስሌት ይዞ ይከራከራል። ሌላው ትክክለኛውን መልስ ይዞ መከራከር አይችልም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳዝን እናንተው ፍረዱ። (እኛ ወደ መጀመሪያው እናዳላለን። እሱ ቢያንስ አካፍሏል።)

የቡና ላይ ወሬ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትተዉት። ጎንደር ውስጥ የዓለም ዘመን የቤት ጉዳይ ነው። ዘመን በተለወጠ ቁጥር ዓመተ ዓለሙ ይሰላል፤ ወንጌላዊው ይታወቃል፤ ጾሙና በዓሉ ከዚያ ይወጣል። ከእንዲህ ያለው ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ድንጋይ የሚማር ልጅ ሞልቷል። ያንን ልጅ «ወይ የባሕሩን ጨው እመን፣ ወይ እምነትህን ጣል» የሚለው ሰው የውሸት ምርጫ እየሰጠው ነው። በጨው ላይ የቆመ እምነት ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለደጋ ሰው አይነገርም።

ለመሆኑ ሐሳቡ ከየት መጣ? ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «ምንጩን ጠይቁ» የሚል ነበርና ጠየቅን። የመጣው ከሰባኪ ሳይሆን ከሳይንቲስት ነው። ኤድመንድ ሃሌይ (አዎ፣ ያ ጅራታም ኮከብ በስሙ የተጠራለት እንግሊዛዊ) እ.ኤ.አ. በ1715 አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ወንዝ የሚገባባቸው፣ መውጫ ግን የሌላቸው ሐይቆች ጨዋማ ናቸው፤ ውቅያኖስም እንደነሱ ነው፤ ስለዚህ ጨዋማነታቸው ዛሬ ተለክቶ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እንደገና ቢለካ፣ ከጭማሪው ተነስቶ ወደ ኋላ በመቁጠር የዓለምን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል አለ። የቆጨው ነገር የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ልኬቱን ጽፈው አለማቆየታቸው ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሃሌይ የገመተው ዓለም ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ያረጀች ሆና ልትገኝ እንደምትችል ነው። ዛሬ ክርክሩን የሚያነሱት ሰዎች የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው።

ሃሌይ የተመኘውን ስሌት በሌላ መንገድ የሠራው ጆን ጆሊ የሚባል አየርላንዳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899። ጆሊ ጨዉን በሙሉ አልያዘም፤ ሶዲየምን ብቻ ያዘ (የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው)። በውቅያኖስ ውስጥ 14 ሺህ ትሪሊዮን ቶን ያህል ሶዲየም አለ፤ ወንዞች በዓመት 157 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይጨምሩበታል አለ። አካፈለው። 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መጣ። አንዳንድ ማስተካከያ አድርጎም ከ80 እስከ 90 ሚሊዮን አለ። በዘመኑ ታላቁ የፊዚክስ ሰው ሎርድ ኬልቪን፣ ምድር ቀልጣ ከነበረችበት ለመቀዝቀዝ የፈጀባትን ጊዜ አስልቶ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የጨዉ ሰዓት ሲወለድ የምድርን ዕድሜ አስረዘመ እንጂ አላሳጠረም። በነገራችን ላይ ጆሊ ያስተምርበት የነበረው የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1650 «ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት 4004 ዓመት በፊት ነው» ብለው ያሳተሙት ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር የተማሩበት ኮሌጅ ነው። አንድ ግቢ፣ ሁለት ሰዓት!

እሺ፣ ወደ ስሌቱ እንግባ። ጅልነት የለበትም። ማካፈሉም ልክ ነው። ችግሩ ያለው ሳይነገር ባለፈው ነገር ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ደብሊን መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ ቀሃ መውረድ ይበቃናል።

የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። (ስሙ ራሱ «ባሕር» አይደል!) ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውኃ እየተሳበ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ውኃው ይለቀቃል። አሁን አንድ እንግዳ ጥር 11 ቀን መጣ እንበል። ገንዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ለካ። በቦዩ የሚገባውንም ለካ። አካፈለና «ይሄ ገንዳ ከተሠራ ጥቂት ሳምንታት ነው» አለን። ምን እንለዋለን? ግንቡን አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች እናሳየዋለን። ገንዳው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዳው የሞላበትን ጊዜ እንጂ ገንዳው የተሠራበትን ጊዜ አልለካም። የሚለቀቅበትንም በር አላየም።

«ገንዳ ሌላ፣ ባሕር ሌላ» የሚል አለ። ይሁን፤ ከፍ እንበልና ወደ ጣና እንሂድ። እዚህ ላይ ቁጥር አለና ታገሡን። (ጋዜጠኛ ቁጥር ይፈራል የሚሉንን ዛሬ እናሳፍራቸዋለን።)

ጣና ውስጥ 28 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ውኃ አለ። በዓባይ በኩል፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጣና በለስ ዋሻም በኩል፣ በዓመት በግምት 4 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ፀሐይ የምታተነውን እንተወው፤ እንፋሎት ጨው ይዞ አይሄድም። የሐይቁ ጨዋማነት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ስላልሄደ፣ መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ የሚያስገቡት ሶዲየም ባሕር ዳር ላይ ከሚወጣው ጋር ተመጣጣኝ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የጆሊን ስሌት እንሥራ፤ ሐይቁ ውስጥ ያለው ሶዲየም በዓመት ለሚገባው ሲካፈል። 28 ለ4። ሰባት።

ጣና የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ይገባል።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ናርጋ ሥላሴን ደሴት ላይ ሲያሠሩ ታዲያ ዙሪያው ምን ነበር? የጤፍ ማሳ? ከሳቸው በፊት አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ የሠሩትስ ምን እያዩ ነው? ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣውን ጭቃ ያነበቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ አሳይተዋል። ሰባት ዓመት!

ሰባት የሚለው ቁጥር ግን ውሸት አይደለም፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ከጎንደር ተራራ ታጥቦ በመገጭ የወረደ ሶዲየም ባሕር ዳር ደርሶ እስኪወጣ ድረስ ሐይቁ ውስጥ በአማካይ ሰባት ዓመት ይቆያል ማለት ነው። የእንግዳው ቆይታ ነው፤ የቤቱ ዕድሜ አይደለም። ጎሃ ሆቴል ያረፈ ሰው ሁሉ በአማካይ ሁለት ሌሊት ቢያድር፣ ሆቴሉ የተሠራው ከትናንት ወዲያ ነው የሚል ሰው የለም።

አሁን ጥሩ ተከራካሪ ከሆነ ወዳጃችን የሚመልሰውን እናውቃለን። «ጣና መውጫ አለው። ውቅያኖስ ግን የመጨረሻው ማረፊያ ነው፤ ከዚያ ወዴት ይወጣል?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ክርክሩ በሙሉ የተንጠለጠለውም እዚህ ላይ ነው። ጨው ከባሕር ይወጣል ወይስ አይወጣም?

መልሱን ያወቁት የጎንደር ነጋዴዎች ናቸው ብንላችሁስ? በበቅሎ ጭነው ሲያመላልሱት ኖረዋል። አሞሌ!

አሞሌ ከየት ይመጣል? ከአርሆ፣ ከአሳሌ፣ ከዳሎል አካባቢ፤ ከደናክል ዝቅታ። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ሜዳ ነው። የቀይ ባሕር አንድ ክንድ ነበር። ባሕሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶበታል፤ መግቢያው በእሳተ ገሞራ ድንጋይና በመሬት መነሳት ተዘግቷል፤ ተነጥሎ የቀረውን ውኃ ፀሐይ አትንናዋለች። ጨዉ ግን የትም አልሄደም። ባሕሩ ለመጨረሻ ጊዜ በገባበት ዘመን ይኖር የነበረው ኮራል ቅሪቱ በዝቅታው ዳርቻ ዛሬም ይታያል፤ ዕድሜው ከመቶ ሺህ ዓመት ይበልጣል። እዚያ ተደራርቦ የተኛው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጨው! ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ የባሕር ነበር፤ አሁን የባሕር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አፋሮችና ትግራዮች ጠርበው፣ በግመልና በበቅሎ ጭነው፣ ዳገቱን አውጥተው ወደ ደጋው ገበያ ያመጡታል፤ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም አልፎ እስከ ጎጃም። ገንዘብም ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላ እንኳ አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም። እና አንድ ጎንደሬ ነጋዴ ቅዳሜ ገበያ ላይ አሞሌ ቆጥሮ ሲቀበል፣ ሳያውቀው የሃሌይንና የጆሊን ሰዓት ስንጥቅ በእጁ ይዟል። እያንዳንዱ አሞሌ ከባሕር ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ ጨው ነዋ።

«ደናክል ትንሽ ነው፤ ውቅያኖስን አያጎድልም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ደናክል ብቻውን አይደለም። ከጣና ወጥቶ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ፣ ግብፅን አቋርጦ የሚገባበት የሜዲትራኒያን ባሕር ራሱ ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአትላንቲክ ጋር ያለው መተላለፊያ ተዘግቶበት ነበር። ባሕሩ ወረደ፤ ጨዉ ወለሉ ላይ ረጋ፤ ውፍረቱ በብዙ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ያኔ ከዓለም ውቅያኖስ ጨው ከመቶ አምስት እጅ ያህሉ እዚያ ተቀብሯል ተብሎ ይገመታል። ይህ የሆነው በጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። በጆሊ ሰዓት ብናስበው ምድር በዚያ ዘመን ወደ አራት ሚሊዮን ዓመት ያህል «ልጅ ሆነች» ማለት ነው። ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሌሎችም መውጫዎች አሉ፤ በፍጥነት እንለፋቸው። ማዕበል የሚረጨው ውኃ ጨው ይዞ በነፋስ ወደ የብስ ይሄዳል፣ በዝናብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወንዝ «አዲስ» ብሎ ከሚያወርደው ጨው ከፊሉ ከባሕር መጥቶ ወደ ባሕር የሚመለስ ነው። በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ጨዋማ ውኃ ተዘግቶ ይቀበራል። ሸክላ አፈር ሶዲየም ይይዛል። በውቅያኖስ ወለል ስንጥቅ ውስጥ የሚዘዋወረው ትኩስ ውኃ ደግሞ ሶዲየሙን ለድንጋዩ ሰጥቶ ካልሲየም ይቀበላል። ይህ የመጨረሻው በጆሊ ዘመን ማንም የማያውቀው ነገር ነበርና በሱ አይፈረድም።

አሁንም ያልተዋጠለት ካለ በሌላ ንጥረ ነገር ይሞክረው። ባሕር ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም በዓመት ለሚገባው አሉሚኒየም ያካፍል። የሚመጣው መልስ ሁለት መቶ ዓመት እንኳ አይሞላም። ከፋሲል ግንብ ያነሰ ውቅያኖስ! አንድ ሰዓት በሶዲየም ሲታይ አሥር ሚሊዮኖች፣ በአሉሚኒየም ሲታይ ሁለት መቶ የሚያነብ ከሆነ ዕድሜ እያነበበ አይደለም። አሉሚኒየም ቶሎ ይረግጣል፤ ሶዲየም ረጅም ጊዜ ይቆያል። በቃ።

ታዲያ ዛሬ በየካፌው የሚዞረው የክርክሩ ቅጂ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1990 ስቲቭን ኦስቲንና ረስል ሀምፍሪስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ምድር ወጣት ናት» በሚሉ ሰዎች ጉባኤ ላይ ካቀረቡት ጽሑፍ ነው። ሐቁን ለመናገር እነሱ መውጫ የለም አላሉም። መውጫዎችን ቆጥረው፣ ከሚገባው ሶዲየም የሚወጣው ሩብ ገደማ ብቻ ነው አሉ፤ የባሕሩ ዕድሜም ቢበዛ 62 ሚሊዮን ዓመት ነው ብለው ደመደሙ። ተቺዎቻቸው እንዳሳዩት ትልልቆቹን መውጫዎች፣ በተለይ የባሕሩ ወለል ድንጋይ የሚወስደውን፣ አጉድለዋል። ግን ለጊዜው ልክ ናቸው እንበል። 62 ሚሊዮን ለ7500 ሲካፈል ስንት ነው? ከ8 ሺህ ይበልጣል። የሚከራከሩለትን ቁጥር 8 ሺህ ጊዜ የሚበልጥ መልስ ይዞ «ይኸው ማስረጃ!» ማለት ምን ይባላል? «ጣሪያ ነው እንጂ ዕድሜው አይደለም፤ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል» ይላሉ። የጣና ጣሪያም ሰባት ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዓመተ ዓለሙ የምናስበውን ሳንደብቅ እንናገር። ባሕረ ሐሳብ (ስሙ ላይ ያለው ባሕር ጨው የለውም!) አስደናቂ የስሌት ሥርዓት ነው። 5500 ላይ የተያዘውን ዓመተ ምሕረት ትደምራላችሁ፤ ለ2018 ዓ.ም. 7518 ይሆናል። ለአራት ታካፍላላችሁ፤ ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚያ ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ እያለ ፋሲካ የሚውልበት ቀን ይወጣል። ይህ ሥርዓት አይስትም፤ ምክንያቱም የተሠራበት ሥራ ይሄው ነው፤ በዓልን ማውጣት። በሌላ በኩል የባይዛንታይን ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ሳይሆን ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ጨምረው ይቆጥሩ ነበር፤ አይሁድ 3760 ገደማ ይላሉ፤ አሸር 4004 ብለዋል። ሁሉም ከቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድ ቁጥር ተነስተው ነው። አንዳቸውም ግን የባሕር ውኃ ቀምሰው አይደለም። የኛ ሊቃውንት ከአሜሪካ በመጣ ጨው ሳይደገፉ ዘመናቸውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ዛሬ ያንን ቆጠራ ሊደግፍለት ብሎ ይሄን ክርክር የሚያመጣ ሰው፣ ጤነኛውን ሰው ምርኩዝ አስይዞ እያሰናከለው ይመስለናል።

የሚስቁትን ደግሞ አልረሳናቸውም። እናንተ ወዳጆቻችን፣ የምድርን ዕድሜ እንዴት እንደታወቀ ሳታውቁ በሌላው ላይ መሳቅ ያው በቃል የተያዘ ነገርን በሌላ በቃል የተያዘ ነገር መምታት ነው። ማስረጃው ከደጃችሁ እኮ ነው። ደባርቅን አልፋችሁ ሊማሊሞን ውረዱ። ጣልያን የቆረጠው መንገድ ሲጠመዘዝ በግራና በቀኝ የሚታየው ገደል ደረጃ በደረጃ የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ እርከን ቀልጦ ፈስሶ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዚያው ከሊማሊሞ ከታች እስከ ላይ ናሙና ወስደው ለክተዋል። መልሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አብዛኛውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ የፈሰሰ። የሰሜን ተራሮች የተነሱት በዚህ ላይ ነው።

የሚለካውስ እንዴት ነው? ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ሬዲዮአክቲቭ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋበታል። ሰዓቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። የለውጡ ፍጥነት ክረምት ቢበዛም ባይበዛም፣ ወንዝ ቢሞላም ቢጎድልም አይለወጥም። ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ የ3.18 ሚሊዮን ዓመት ያልናትም ከአጥንቷ ሳይሆን ከተገኘችበት አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ በዚሁ መንገድ ተለክቶ ነው።

«ጋዙም ሊያፈተልክ ይችላላ! እናንተም እንደኛው መውጫ የለም ብላችሁ ገምታችኋል» ይለናል ያ ጥሩ ተከራካሪ። እንኳን ጠየቅኸን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአርጎን ሰዎች ናሙናውን በአንድ ጊዜ አያቀልጡትም፤ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ በየደረጃው የወጣውን ጋዝ ለየብቻ ይለካሉ። ድንጋዩ ጋዝ ያፈሰሰ ከሆነ በቀላሉ የሚለቀው ክፍል ትንሽ ዕድሜ፣ ጠልቆ የተያዘው ክፍል ትልቅ ዕድሜ ይሰጣሉ፤ ማፍሰሱ ይታወቃል። ካላፈሰሰ ሁሉም ደረጃ አንድ ዕድሜ ይናገራል። ማለትም ዘዴው ራሱ በሩ ክፍት እንደነበር ይመሰክራል። የባሕሩ ጨው ይሄን አያደርግም፤ ስንት እንደወጣበት በራሱ አይነግራችሁም።

4.5 ቢሊዮኑስ? እሱን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን፣ ከነሱም አንዱ አሪዞና የወደቀውን፣ ወስዶ ዩራኒየም ወደ እርሳስ ሲለወጥ የሚቀረውን ምልክት ለካ፤ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አገኘ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤተ ሙከራ፣ በተለያዩ ንጥረ ነገሮች ተደጋግሞ ተለክቷል፤ ቁጥሩ ብዙም አልተነቃነቀም። ጆሊ ራሱም ወደ ሬዲዮአክቲቭ ምርምር ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ከኧርነስት ራዘርፎርድ ጋር ሆኖ፣ ሚካ በተባለ ማዕድን ውስጥ ጨረር የተወውን ክብ ምልክት አጥንቶ ለአንድ ጥንታዊ ድንጋይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ላይ ደርሷል። የገዛ የጨው ሰዓቱን ከአራት እጥፍ በላይ ያለፈ ማለት ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ስሜት ካልሰጣችሁ ራስ ዳሸንን አስቡ። ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። አንዷን ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ብናደርጋት፣ ከባሕር ጠለል እስከ ጫፉ የምድር ዕድሜ ይሆናል። የሊማሊሞ ድንጋይ የፈሰሰው 30 ሜትር ሲቀረን ነው። የነጋድራሶቹ፣ የነገሥታቱ፣ የግንቡም ዘመን ሁሉ ተደምሮ ከጫማ ሶል ውፍረት አያልፍም። ይህን የምንለው ለማንኳሰስ አይደለም፤ የኛም ዕድሜ ያው እዚያው ሶሉ ውስጥ ነው።

ታዲያ የባሕር ጨው ምንም አይነግረንም? ይነግረናል እንጂ። ሶዲየም ባሕር ውስጥ ስንት አሥር ሚሊዮን ዓመት እንደሚቆይ ይነግረናል። ሌላም አለ። የባሕር ውኃ ተንኖ ጨው ሲረጋ በክሪስታሉ ውስጥ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይዘጋሉ። ተመራማሪዎች በየዓለሙ ካሉ የጥንት የጨው ክምችቶች እነዚህን ጠብታዎች ለክተው፣ ባለፉት አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመታት የባሕሩ ማግኒዚየምና ካልሲየም መጠን ሲወጣና ሲወርድ እንደኖረ አሳይተዋል። ባሕሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሞላ የኖረ ማሰሮ አይደለም። የእነዚያ የጨው ክምችቶች ዕድሜ ግን የሚወሰነው ከጨዉ መጠን አይደለም፤ ከላያቸውና ከታቻቸው ካለው ድንጋይ ነው።